ጓዳችን ግድግዳ ላይ የተለጠፈው ንግግሬ

ባለፈው ጥቅምት አንድ የታሪክ መምህር ከደብረ ማርቆስ እዚህ አምበር ድረስ መጥቶ፣ "አባባ፣ የፖለቲካ ወረቀቶችዎን ፍለጋ ነው የመጣሁት፤ ቤተ መዛግብት እናስገባቸው" ቢለኝ፣ ወዲያው ገብቼ ካፖርቴን ደረብኩ። እንዲህ ያለ ነገር የተነገረው ሰው በሹራብ አይቀመጥም።

ለማያውቀኝ ልንገር። በንጉሡ ጊዜ የአምበር ክሊኒክ ድሬሰር ነበርኩ፤ ቁስል አጥባለሁ፣ መርፌ እወጋለሁ። ኋላ የሕዝብ እንደራሴ ሆኜ ፓርላማ ገባሁ። አገሬው የመረጠኝ ለአንደበቴ እንዳይመስላችሁ፤ መርፌዬ አያምም ነበር። ፓርላማም በቆየሁበት ዘመን ሁሉ የተናገርኩት አንዴ ብቻ ነው። ግን ንግግር ነበር። ሳልሞት ያ ንግግር በክብር ተቀምጦ ባየው ደስ ይለኛል።

"ታዲያ የት አለ?" አለ መምህሩ።

"ጓዳ፣ ግድግዳው ላይ።"

ልጃችንን ስንድር ባለቤቴ የጓዳውን ጭቃ ግድግዳ ወረቀት አልብሳው ነበር፤ ያኔ ሰርግ ያለበት ቤት ሁሉ እንዲያ ያደርጋል። ጋዜጣው ሲያልቅባት ወደ እኔ ሳጥን ዞረች። ንግግሬን የጻፍኩት በክሊኒኩ ማስታወቂያዎች ጀርባ ነበርና፣ የታተመውን ወደ ውጭ፣ የእኔን ወደ ጭቃው አድርጋ በዱቄት ሙጫ በተርታ ለጠፈችው። "ያንተ ጽሕፈት ዶሮ የጫረው ይመስላል፤ እንግዳ ፊት አይቀርብም" ነው ያለችኝ። ይኸው እስከ ዛሬ ጓዳችን "ውኃ አፍልታችሁ ጠጡ" ሲል ይኖራል።

መምህሩ እንላጠው ሲል ባለቤቴ በሩ ላይ ቆመች። "ይሄ የልጄ የሰርግ ግድግዳ ነው፤ አይነካም።"

"ግድ የለም፣ በቃሌ ነው የማውቀው" አልኩና ቆሜ እንደ ዳዊት ደገምኩት። መምህሩ በስልኩ ይቀዳል። መጨረሻው ላይ ድምፄን ከፍ አድርጌ፣ "ለወረዳዬ ሐኪም ካልተመደበ ይህን ወንበር ዛሬውኑ እለቃለሁ" ብዬ ተቀመጥኩ።

"አላልክም" አለች ባለቤቴ። "ስትመለስ የነገርከኝ እኮ፣ አመስግኜ ተቀመጥኩ ብለህ ነው።"

"ብያለሁ። ተጽፏል።"

"እንግዲያ ቆይ፣ ውኃ ላሙቅ።"

አሁን በሩ ላይ የቆምኩት እኔ ሆንኩ። "የልጃችን የሰርግ ግድግዳ እኮ ነው" ብል ማን ሰምቶኝ።

"ልጅቷ የልጅ ልጅ አይታለች፤ ዞር በል።"

በሙቅ ውኃ የነከረችውን ጨርቅ እያስነካች፣ ጠርዙን በጥፍሯ ይዛ፣ የመጨረሻውን ገጽ ሳይቀደድ አወረደችው። መምህሩ መስኮቱ ጋ ወስዶ አነበበው። ወንበሬን እለቃለሁ ያልኩበት ቃል አለ። በራሴ ቀይ እስክሪብቶ ተሰርዟል፤ ከሥሩ "አመሰግናለሁ" ይላል።

ባለቤቴ አልሳቀችም። "ካፖርቱ አልሞቀህም?" ብቻ አለች።

"አባባ፣ የተሰረዘውንም ልገልብጠው?"

"ገልብጠው" አልኩት። "ስረዛውንም እንዳትተው፤ እሱም የእኔው እጅ ነው።"

እሷ ቀጣዩን ገጽ ማርጠብ ጀምራለች። ካፖርቴን አውልቄ የሙቅ ውኃውን ድስት ያዝኩላት።