ልጄን ያስቀራት ጉብዝናዋ

ተጠያቂው አቶ ሙላት ነው፤ አዲ አርቃይ ላይ የልጄ አለቃ። በእርጅናዬ ፊደል የቆጠርሁት ለካ የእሱን ስም ለመጻፍ ኖሯል።

ልጄ የዓይን ሕክምና ቴክኒሻን ናት። ትራኮማ ሽፋሽፍታቸውን ወደ ዓይናቸው ላጠፈባቸው ሴቶች ቀዶ ሕክምና ታደርጋለች። ደመወዟ ከቤት ኪራይና ከሽሮ አያልፍም። ከዚህ የሚያወጣት ጎንደር ሄዳ ዲግሪ መማር ብቻ ነው፤ ለዚያ ደግሞ አለቃዋ ካልፈቀደ አትሄድም።

ሥራዋ በዝቶ ከታየ ያሳድጓታል ብዬ፣ እሑድ እሑድ ከቅዳሴ የሚወጡትን ሴቶች እየለመንሁ አመጣሁላት። ምላጭ የሚፈሩትን እየጎተትሁ ጭምር።

ዛሬ የዘንድሮው የትምህርት ዕድል ለሌላ ሰው እንደተሰጠ ሰማሁና አቶ ሙላት ቢሮ ገባሁ።

"እማማ፣ ልጅዎ ሸጋ ሠራተኛ ናት" አለኝ።

"እንግዲያ ምነው አትለቃት?"

"ይኸን ሁሉ ታካሚ ማን ይሠራልኛል? ሥራ ያልበዛበትን ልኬዋለሁ።"

ሥራ ያልበዛበት ያለው ከእሷ ጎን ተቀምጦ ስልኩን ሲነካካ የከረመው ጎረምሳ ነው።

"ልጅ አለህ?" አልሁት።

"አለኝ።"

"ሰነፍ ያድርግልህ። ያኔ ያልፍለታል።"

ሳቀ። ምርቃት መሰለው።

የእናንተስ ልጅ በጉብዝናዋ የቀረች አለች? ጻፉልኝ፤ ቀስ ብዬም ቢሆን አነባለሁ።

እህቴ እታለም ዓይኗን በሻሽ አስራ "ነገ ልጅሽ ዘንድ አድርሽኝ" ብላኛለች። ብትታወርም ትታወር እንጂ፣ ከእንግዲህ ለአቶ ሙላት አንዲት ታካሚ አልወስድለትም።