በማርያም ዕለት የሚገደለው ባክአፕ

ደባርቅ፣ በዞኑ መሬት መምሪያ በኮምፒውተር ባለሙያነት ሥራ የጀመርኩ ዕለት ኃላፊዬ አቶ ሞላ የሰርቨር ክፍሉን ቁልፍ ሰጡኝና «ብዙ አትነካካ፤ ባክአፑ ራሱን ችሎ ይሄዳል» አሉኝ። ክፍሉ ውስጥ ሊኑክስ የሚባለው ሥርዓተ ክወና የተጫነበት አንድ ሰርቨርና ሦስት የተሰበሩ ወንበሮች ነበሩ። ሰርቨሩ ላይ የገበሬው የመሬት ይዞታ መዝገብ ገጽ በገጽ ስካን ተደርጎ ተቀምጧል። የወረቀቱን መዝገብ እርጥበት ከበላው ቆይቷል። ባክአፑ የዚህ ሁሉ መጠባበቂያ ቅጂ መሆን ነበረበት።

ራሱን ችሎ የሚሄደውን ነገር አየሁት። በየጊዜው «ተጀመረ» የሚል መልእክት ለአቶ ሞላ ይደርሳቸዋል፤ እሳቸውም አትመው ፋይል ውስጥ ያስሩታል። «ተፈጸመ» የሚል ግን አንድም አልነበረም። ተጀመረ ማለት አለቀ ማለት የመሰላቸው እነዚህ ሰዎች ሁሉ ዲግሪ አላቸው።

ሎጉን፣ ማሽኑ የሆነውን ሁሉ የሚመዘግብበትን ፋይል፣ ስከፍት ምክንያቱ በግልጽ ተጽፏል፦ ሜሞሪ አለቀ፣ ባክአፑ ተገደለ። ሊኑክስ ሜሞሪ ሲያልቅበት መላው ማሽን እንዳይቆም አንድ ፕሮግራም መርጦ ይገድላል፤ አብዛኛውን ጊዜም ብዙ የያዘውን። የእኛ ባክአፕ አምስት ሰዓት ይፈጃል፣ በቆየ ቁጥርም የሚይዘው ሜሞሪ ይጨምራል። ስለዚህ ቀድሞ የሚገደለው እሱ ነው።

ቢሮው ሲዘጋ መብራቱ ከቆጣሪው ስለሚጠፋ ባክአፑ የሚሠራው በሥራ ሰዓት ነው። የተመረጠለት ቀን ደግሞ በየወሩ አሥራ ሁለትና ሃያ አንድ፣ ሚካኤልና ማርያም። «ሠራተኛው ቤተ ክርስቲያን ስለሚሄድ ቢሮው ጭር ይላል» ተብሎ ነው። እሱስ እውነት ነው፣ እስከ ረፋድ። ከዚያ በኋላ ግን የባለጉዳዮቹ አዳራሽ በወር ውስጥ እንደነዚያ ቀናት የሚሞላበት ጊዜ የለም! ገበሬ በማርያም አያርስም፤ ስለማያርስም ጉዳዩን ሊያስፈጽም ከተማ ይወጣል። ሠራተኛው ከቅዳሴ መልስ የባለጉዳዩን ወረቀት ለመቅዳት ስካነሩን ሁሉ ያስነሳል፣ የሰርቨሩ ሜሞሪ ያልቃል፣ ባክአፑ ይሞታል። ቀኑን የመረጡት ሰዎች እዚሁ የተወለዱ የገበሬ ልጆች ናቸው። እኔም የገበሬ ልጅ ነኝ፤ ነገሩ እስኪገባኝ ሦስት ማርያም አልፎብኛል።

ከዚያ ከኢንተርኔት አንድ የትእዛዝ መስመር ገልብጬ አስገባሁ። ትርጉሙ ባጭሩ «ባክአፑን እንዳትነካው» ነው። ደረቴን ነፋሁ። በሚቀጥለው ሚካኤል ሊኑክስ ባክአፑን አልነካውም፤ መዝገቡ የሚፈለግበትን ዳታቤዝ ገደለው። አዳራሽ ሙሉ ሰው እያየ ኮምፒውተሩ ሁሉ ደረቀ። ከአቶ ሞላ የማልሻል መሆኔን ያወቅሁት ያን ቀን ነው። መስመሩን አወጣሁት።

በዚያው ሳምንት የሰርቨሩ ዲስክ መበላሸት ጀመረ። በማርያም ዕለት ደግሞ እማማ ዘርፌ የሚባሉ ባልቴት ከመካነ ብርሃን ማዶ ሁለት ቀን በእግራቸው ተጉዘው መጡ። ቤታቸው ሲቃጠል የይዞታ ደብተራቸው አብሮ ነዷል፤ የሟች ባላቸው ወንድም ማሳቸውን «የኔ ነው» ብሎ አርሶታል። የቀራቸው ማስረጃ እኛ ጋ ያለው ገጽ ብቻ ነው። ስከፍተው ስማቸው አለበት።

«አትሜ ልስጣቸው?» አልኩ።

«ያለ ፍርድ ቤት ደብዳቤ አይሰጥም» አሉ አቶ ሞላ። የፍርድ ቤቱ ቀጠሮ የወር ነው። ዲስኩ ወር እንደማይቆይ አውቄአለሁ።

«እንግዲያው ዲስኩ ሞቶ መዝገቡ ሳይጠፋ ስካነሩ ሁሉ ይዘጋና ባክአፑ ብቻውን ይሥራ። አምስት ሰዓት ነው።»

«ይህ ሁሉ ሕዝብ ቁጭ ብሎ?»

«ለስብሰባ ሲባል ስንቴ አስቀምጠውታል?» አልኳቸው። ፊታቸው ጠቆረ።

እማማ ዘርፌ ጣልቃ ገቡ። «የኔ ልጅ፣ ይጠፋል የምትለው የኔ ስም ብቻ ነው ወይስ የሁላችን?»

«የሁላችሁም ነው፣ እማማ።»

ወደ ሰልፉ ዞሩ። «ሰማችሁ? ዛሬ እንደሁ በማርያም በሬ አንጠምድ። እዚህ ብንቀመጥ ምን እንሆናለን?»

ሰው ሁሉ ተቀመጠ። አንድም የሄደ የለም። የሄዱት አቶ ሞላ ናቸው፣ ለምሳ።

ስካነሮቹን ዘግቼ ባክአፑን አስነሳሁት። ሳይገደል ለመጀመሪያ ጊዜ ተፈጸመ። ከቅጂው ላይ የእማማ ዘርፌን ገጽ ከፈትኩት፤ ሲከፈት እንባዬ መጣ። ዲስኩ ቀጠሯቸው ሳይደርስ ሞተ፣ ቅጂውን በአዲስ ዲስክ ላይ ጫንኩት።

ባክአፑ ከዚያ በኋላ በትንሽ ሜሞሪ፣ በጥቂት በጥቂቱ እየተቆራረጠ እንዲቀዳ አደረግሁ። ለስካነሩ ፕሮግራም የሜሞሪ ጣሪያ አበጀሁለት። ቀኑንም ገበሬው ማሳው ላይ ወደሚውልበት ቀን አዛወርኩ። አቶ ሞላ በሪፖርታቸው «በአመራሩ የቅርብ ክትትል ችግሩ ተፈቷል» ብለው ጻፉ።

እማማ ዘርፌ የፍርድ ቤቱን ደብዳቤ ይዘው ተመለሱ። ማኅተም የተመታበትን ገጽ ሲቀበሉ ስማቸውን እንዳነብላቸው ጠየቁኝ፤ ሁለት ጊዜ አነበብኩላቸው።

ሜሞሪ ሲያልቅ አንድ ሥራ ይሞታል። የትኛው እንደሚሞት ቀድማችሁ ካልወሰናችሁ ማሽኑ ይወስናል፤ ማሽኑ ደግሞ እማማ ዘርፌን አያውቃቸውም።