የእማዬ ስለት እና ሁለቱ ፌርማታዎች

ዛሬ እኔና እማዬ ከሎዛን የጀመርነውን የሐይቅ ዳር ጉዞ በእግራችን ጄኔቭ አደረስነው። «ጨረስን» ብዬ ልለጥፍም ነበር።

ነገሩ ስለት ነው። ለጉልበቷ ቀዶ ጥገና ስትገባ፣ «ከዳንኩ ይህን መንገድ ከልጄ ጋር በእግሬ እሄዳለሁ» ብላ ለገብርኤል ተሳለች። ልጅየውን የጠየቀው የለም።

ስድስት ቅዳሜ ፈጀብን። የእሷ ጉልበት ድኗል፤ አሁን የሚያመው የእኔ ነው።

ዛሬ መጨረሻው ላይ ፎቶ ላነሳት ስል ፊቷ ጠቆረ።

«መንገድ ላይ ኒዮን ከተማ ዝናብ ሲመጣ በአውቶቡስ የሄድነው ሁለት ፌርማታስ?»

«እማዬ፣ ገብርኤል እኮ ትኬት ተቆጣጣሪ አይደለም።»

«አይደለም። ግን አይቷል።»

በሚቀጥለው ቅዳሜ ሁለቱን ፌርማታ ልንራመድ ወደ ኒዮን እንመለሳለን። እስከ ኒዮን ድረስ በባቡር መሄድ ተፈቅዷል፤ ጠይቄያለሁ።

እናንተስ፣ ሳያማክራችሁ በእግራችሁ የተሳለ ዘመድ አላችሁ? ስንት ኪሎ ሜትር አስኬዳችሁ?