እናቱን በቁሟ የቀበረው የዘፈን ደራሲ

ቨርሊን ስቲድሃም በዕድሜው ማረሻ ጨብጦ አያውቅም። ለዚህ ከእህቱ ከኦፓል የተሻለ ምስክር የለም፤ እሱ በረንዳ ላይ ተጋድሞ ጊታሩን ሲነካካ ድንቹን የምትቆፍረውም፣ ላሟን የምታልበውም እሷ ነበረች። «የኔ እጅ ለዜማ የተፈጠረ ነው» ይል ነበር። ምሳ ሲቀርብ ግን ያ እጅ ከሁሉም ይቀድማል።

ጎረምሳ ሲሆን የኬንታኪን ተራሮች ትቶ የዘፋኞች ከተማ ናሽቪል ገባ፤ ካንትሪ የሚሉት የገጠር ዘፈን ደራሲ ሊሆን። ስለ ማሳ ጻፈ፣ ስለ ከሰል ማውጫ ጻፈ፣ ስለማያውቀው ላብ ጻፈ። የገዛው የለም። ለዓመታት በየመጠጥ ቤቱ ሰው ሲጋብዘው እየጠጣ አንድ ነገር አስተዋለ፦ ስለ ሞተች እናት ሲወራ ሰካራም ሁሉ ያለቅሳል። ስለዚህ እናቱን ገደላት።

ዘፈኑ «ከጥዱ ሥር ተኝታለች» ይባል ነበር። አንድ ስመ ጥር ዘፋኝ ገዝቶ ዘፈነው፣ ሬዲዮውም ነጋ ጠባ ያንኑ ሆነ። ኦፓል ሸሚዝ ፋብሪካ ውስጥ ኮሌታ እየሰፋች ነበር የሰማችው። ጓደኞቿ ማሽናቸውን አጥፍተው ከበቧት።

«ነፍስ ይማር፣ ኦፓል! ምነው ሳትነግሪን? መቼ ነው ያረፈችው?»

«ኧረ ዛሬ ጠዋት ቁርስ አብልታኝ ነው የወጣሁት!»

እናትየው ዜልማ ወሬውን ስትሰማ የምታኝከውን ትንባሆ ጣሳው ውስጥ ተፋች።

«በምን ሞትኩ አለ?»

«በሳንባ።»

«ሳንባዬ ምን ሆነ? የሚያስቸግረኝ ልቤ ነው። ይሄ ልጅ ድሮም ጠይቆ አያውቅም።»

ኦፓል ስልክ ደወለችለት። «አንተ! እማዬ እኮ አለች!»

«አውቃለሁ ኦፓልዬ፤ ጥበብ ነው። በሕይወት ያለች እናት ማንን ታስለቅሳለች?» አላት። ከዚያም ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ «ብቻ ጋዜጠኛ ከመጣ ጓሮ አድርጊያት እሺ?»

በበጋው የአውራጃው ባዛር «የመንደራችን ልጅ» ብሎ ጋበዘው። አንዲት ላም እንኳ ነድቶ የማያውቅ ሰው የከብት ጠባቂ ባርኔጣና ፈርጥ የተለጠፈበት ነጭ ልብስ ለብሶ መድረክ ላይ ወጣ። እናቱ ቤት እንድትቀር መልእክት ልኮላት ነበር። ዜልማ የቤተ ክርስቲያን ኮፍያዋን አድርጋ፣ ኦፓልን መኪና አስነድታ መጣችና ፊት ወንበር ላይ ተቀመጠች። እሱ ስለ መቃብሯ እየዘፈነ እንባውን ሲያፈስ፣ ብድግ አለች።

«ቨርሊን! ስትጨርስ የጉድጓዱን ፓምፕ እይልኝ፤ ከፋሲካ ጀምሮ ውሃ እንቢ ብሏል!»

ሕዝቡ በሳቅ ፈረሰ። እዚህ ላይ አብሮ ቢስቅ ኖሮ ኦፓል እንኳ ይቅር ትለው ነበር። እሱ ግን እጁን ልቡ ላይ አድርጎ ወደ ድምፅ ማጉያው ጎንበስ አለ።

«ወገኖቼ፣ አትፍረዱባት። የእናቴ እህት ናት። ምስኪን፣ አእምሮዋ ትንሽ...»

ሳቁ ቆመ። ዜልማን የማያውቅ ሰው በዚያ ሜዳ አልነበረም። አንዱ ገበሬ ከኋላ «ቱ!» ሲል ተሰማ።

«አክስቱ ነኝ አለ?» ስትል ዜልማ ልጇን ጠየቀቻት።

«አዎ፣ እማ።»

«እንግዲያው ራት የማብላት ግዴታ የለብኝም። ተነሽ እንሂድ።»

ከዚያ በኋላ በዘፈን አባቱን ገደለ፣ ውሻውን ገደለ፣ ያልተወለደ ወንድሙንም ጦር ሜዳ ላይ ገደለ። ገበያው ግን ሬሳ ሰልችቶት ነበር። በመጨረሻ ለአንድ የፍራሽ መደብር የማስታወቂያ ዜማ ሲጽፍ ተገኘ።

ዜልማ በየካቲት ብርድ ሞተች፤ በልቧ። ቨርሊን ጊታሩን አንግቶ ሲመጣ ኦፓል የቤተ ክርስቲያኑ በር ላይ ቆመችበት።

«ጊታሩ መኪና ውስጥ ይቅር።»

«ሕዝቡ እኮ ዘፈኑን ይጠብቃል።»

«ሕዝቡ የሚጠብቀው የድንች ሰላጣውን ነው። አስቀምጥ አልኩህ!»

ፓስተሩ ልጅየው አንድ ቃል እንዲናገር ጋበዙት። ተነሣ፤ አፉን ከፈተ፤ «እናቴ ጥሩ ሰው ነበረች» አለና የሚቀጥለው ጠፋው። ስለ እሷ የሚያውቀው ራሱ የፈጠረውን ብቻ ነበር። ተቀመጠ። ከቀብር መልስ ሁለት ሳህን ሙሉ ከበላ በኋላ ኦፓልን ወጥ ቤት ድረስ ተከትሏት ገባ።

«መጨረሻ ላይ... የተናገረችው ነገር ነበር?»

ኦፓል ፊቱን አየችው። ለአፍታ ሐዘን መሰላት። ወዲያው እጁ ወደ ደረት ኪሱ ሄዶ እርሳስ ሲያወጣ አየች።

«‹ድመቷን አስወጫት› አለች።»

«ሌላስ?»

«ሌላ የለም።»

ቅር ብሎት እርሳሱን መለሰና ሳይመሽ ወደ ናሽቪል ነዳ። ኦፓል የደበቀችው ነገር ያለ መስሎት እንደሆነ ተሳስቷል፤ ዜልማ ያለችው ያንኑ ብቻ ነበር።