ያቋረጠች፣ አንድ

የትምህርት ቤቱን ዜና ለአባቴ የማነብለት እኔ ነበርኩ። የእሱ ስልክ ለመደወል ብቻ ነው፤ ቴሌግራም የለውም። አመሻሽ ላይ መኪና ላይ ሙዝ ስጭን ውዬ ስመለስ በር ላይ ተቀምጦ ይጠብቀኛል። "ዛሬስ ምን አሉ?" ይላል፣ ውሃ ሳልጠጣ።

ስልኬን አውጥቼ አነባለሁ። ሁልጊዜ "ውድ ወላጆች" ብሎ ይጀምራል። ቦርዱ ተሰብስቧል። የትምህርት ቤቱ የሙዝ ማሳ ገቢ ለጠመኔና ለወንበር ጥገና ውሏል። ድጎማ ገብቷል። የስድስተኛ ክፍል ጣሪያ ይቀየራል። አባቴ የገዛ ቤቱ ጣሪያ የሚቀየር ይመስል ራሱን ይነቀንቃል። እኔ ወደ ጋሞኛ እየመለስኩ ነው የምነግረው፤ አንዳንዱን ቃል ግን ምን እንደምለው አላውቅም። "አፈጻጸም" የሚለውን "ሰርተናል ነው የሚሉት" ብዬ አልፈዋለሁ።

"ጎበዞች" ይላል አባቴ።

እህቴ ስምንተኛ ክፍል ነበረች። ከኋላችን ሆና ትስቅብን ነበር።

"አባ፣ ጠመኔ እኮ የለም። መምህሩ በቁራጭ ነው የሚጽፈው።"

"ዝም በይ፣ ገብቷል ተብሏል።"

"በስልክ ነዋ የገባው።"

አባቴ ይቆጣታል፤ ከዚያ ፊቱን አዙሮ ይስቃል።

ቤታችን ጫኖ ነው፣ ከመስኖው ቦይ ወዲህ። ትምህርት ቤቱ ከቦዩ ወዲያ ነው። በበጋ ውሃው ለልጅ ጉልበት አይደርስም። በበልግ ግን ደጋ የዘነበው ሁሉ ወደ እኛ ይወርዳል፤ ቦዩ ቀይ ሆኖ እስከ አፉ ይሞላል። ልጆቹ የሚሻገሩት በአንድ ግንድ ላይ ነበር። ማን እንዳጋደመው የሚያውቅ የለም። ዝናብ ሲነካው እንደ ሳሙና ነው። በቦርዱ እቅድ ላይ በየዓመቱ "የተማሪዎች መሻገሪያ ድልድይ" የሚል አለ። በየዓመቱም ለአባቴ አንብቤለታለሁ።

አምና ነገሩ የምር መሰለን። እንጨት ከወላጅ፣ ሚስማርና የእጅ ዋጋ ከትምህርት ቤቱ በጀት ተባለ። ከየቤቱ አንድ የባህር ዛፍ ግንድ። አባቴ ጨንቻ ድረስ አጎቴ ዘንድ ወጥቶ፣ ሁለት ቀጥ ያሉ ግንዶች በአይሱዙ አስጭኖ መጣ። አንድ ነው የተጠየቅነው አልኩት። "አንዱ ለልጄ፣ አንዱ ለሰው ልጅ" አለኝ። ግንዶቹ የትምህርት ቤቱ አጥር ስር ተከመሩ።

ከዚያ ከላይ ገምጋሚዎች ይመጣሉ ተባለ። እንግዳ በእኛ ፀሐይ ውጭ አይቀመጥም። ቦርዱ ዳስ ይሰራ አለ። እንጨት ከየት ይምጣ? ያው የተከመረው አለ። "ለጊዜው ነው፣ እንግዶቹ ሲሄዱ ይፈርሳል" አሉ። አባቴ ዶማውን ይዞ ጉድጓድ ሊቆፍር ሄደ። የገዛ ግንዶቹን በገዛ እጁ ተከላቸው።

"አባ፣ ይሄ ለድልድይ አልነበረም?" አልኩት።

"እንግዳ ሊመጣ ነው።"

እኛ ጋ ይሄ ከተባለ በኋላ ሌላ ንግግር የለም። እንግዶቹ መጡ፣ ሙዝና ማንጎ በሉ፣ ሄዱ። ዳሱ አልፈረሰም። ጥላው ጥሩ ነው ተባለ። ቴሌግራሙ ላይ ፎቶው ወጣ፤ "በህብረተሰብ ተሳትፎ የተሰራ" ይላል። ለአባቴ አነበብኩለት። ፎቶው ላይ ግንዶቹን ፈልጎ በጣቱ አሳየኝ። ደስ ብሎት ነበር። ያ ደስታው ትዝ ሲለኝ እናደዳለሁ። በእሱም፣ በእነሱም።

እህቴ በበልግ ሞተች። ጠዋት ነበር። ሲዘንብ ነው ያደረው። እኔ ወደ ስራ ወጥቼ ነበር። ያየቻት ከኋላዋ የነበረች ጓደኛዋ ናት። ግንዱ መሃል ስትደርስ ቦርሳዋ ወደ አንድ ጎን ዞረባት አለች። ሌላ ነገር አላለችም፤ እኛም አልጠየቅናትም። ያገኘናት ከታች ነው፣ ውሃው የሚከፋፈልበት የብረት በር ላይ። ከዚህ በላይ መጻፍ አልቻልኩም። ሞክሬ ነበር።

ከቀብሩ በኋላ ሽማግሌዎች ቤታችን መጡ። የቦርዱ ሰብሳቢ አብሯቸው ነበር። ሽማግሌዎቹ እርጥብ ሳር ይዘዋል። ለማያውቅ ሰው ልናገር፦ እኛ ጋ ሽማግሌ እርጥብ ሳር ይዞ ፊትህ ከተንበረከከ፣ ያን ሳር አልፈህ አትሄድም። ጦር ይዘህ ብትመጣ እንኳን ትመለሳለህ። ብዙ ሰው በዚህ ምክንያት ከሞት ተርፏል፤ አልክድም። ወደ ክስ አትሂድ፣ ትምህርት ቤቱ የሁላችን ነው አሉት አባቴን። አባቴ ሳሩን ተቀበለ። እኔም አልተቃወምኩም። ሰብሳቢው ሲወጣ ትከሻዬን ይዞ "አይዞህ ወንድሜ፣ ድልድዩን እንሰራዋለን" አለኝ።

ሰኔ መጨረሻ ላይ የወላጆች ስብሰባ ተጠራ። ታናሽ ወንድማችን እዚያው ሦስተኛ ክፍል ስለሆነ እኛም መሄድ ነበረብን። እናቴ ጥቁሯን እንደለበሰች ሄደች። እኔ ለሁለቱ ለማስተርጎም ሄድኩ። ስብሰባው የተደረገው በዚያ ዳስ ስር ነው። ቦታ ስፈልግ አንዱ የአባቴ ግንድ አጠገብ ደረስኩ። ሌላ ቦታ ሄጄ ተቀመጥኩ።

ሰብሳቢው ወረቀቱን ዘርግቶ ማንበብ ጀመረ። በአማርኛ ነው የሚያነበው፣ ሪፖርት ስለሆነ። ከኋላችን ያሉ ሁለት ሰዎች ሰማዩን ያያሉ።

"ዝናቡ ሳይመጣ የሚጨርስ ይመስልሃል?"

"ኧረ ዝናቡ መጥቶ፣ ዘንቦ፣ አባርቶ ይሄዳል። ይሄ እዚህ ነው።"

የድጎማ በጀቱ ተነበበ። የማሳው ገቢ ተነበበ። ድልድዩ "ለቀጣዩ በጀት ዓመት የተላለፈ" ከሚባሉት ውስጥ ተነበበ፤ ከመረብ ኳስ ሜዳው ቀጥሎ። ከዚያ ስለ ተማሪዎች ማንበብ ጀመረ። ስንት ተመዘገበ፣ ስንት ተፈተነ። ከዚያ በዚያው ድምፁ፣

"ያቋረጠች፣ አንድ ሴት። ምክንያት፣ የቤተሰብ ክትትል ማነስ።"

መጀመሪያ አልገባኝም። ማን ናት ያቋረጠችው ብዬ አሰብኩ። ከዚያ ገባኝ። አንድ ናት፣ ሴት ናት።

አባቴ ወደ እኔ ዘንበል ብሎ "ምን አለ?" አለኝ። ተነሳሁ።

"ጥያቄ መጨረሻ ላይ ነው" አለ ሰብሳቢው፣ ቀና ሳይል።

"እህቴ አላቋረጠችም።"

አሁን ቀና አለ። አየኝና ማን እንደሆንኩ አወቀ።

"ወንድሜ፣ እሱ እኮ የቅጹ አነጋገር ነው። ዓመቱን ያልጨረሰ ሁሉ እዚያ ውስጥ ነው የሚገባው።"

"ምክንያቱስ ጋሼ? እርስዎ ቀብሯ ላይ ነበሩ።"

"ከሚመረጡት ውስጥ የሚቀርበው እሱ ነው። ጋብቻ አለ፣ ስደት አለ፣ የጉልበት ስራ አለ። የትኛውን ላድርግልህ?"

አንድ ሰው ሳቀ። የፈራ ሰው ሳቅ ነው፤ ግን ሳቀ። እጄን ጨብጬ እንደነበር ያወቅኩት በኋላ ነው። ወረቀቱን በዓይኔ ልየው ብዬ ወደ ጠረጴዛው ሄድኩ።

"ነገሩ በሽምግልና አልቋል" አለ ሰብሳቢው፣ ለእኔ ሳይሆን ለሰው ሁሉ። "ሳር ወድቋል።"

ከፊት ከተቀመጡት ሽማግሌዎች አንዱ፣ ቤታችን መጥተው የነበሩት፣ ጎንበስ ብለው ከዳሱ ዳር እርጥብ ሳር ነጩና መንገዴ ላይ ተንበረከኩ። ቆምኩ። ማንም ይቆማል። ሰዉ "እፎይ" ሲል ሰማሁ። ሰብሳቢው ገጹን ገልብጦ "ወደ ቀጣዩ እንለፍ" አለ።

ያ ነው ያቃጠለኝ። የእሳቸው ጉልበት መሬት ላይ እያለ ገጽ መግለጡ።

"ሳሩን አልረግጥም" አልኩ። "ግን አልቀመጥም።"

የተንበረከከ ሽማግሌ ሰውየው ካልተመለሰ አይነሳም። እኔ ካልተቀመጥኩ እሳቸው አይነሱም፤ እሳቸው ካልተነሱ ማንም ስለ በጀት ማውራት አይችልም። የሽማግሌው እግር መንቀጥቀጥ ጀመረ።

"አንተ፣ ሽማግሌ አታሰቃይ" አለች አንዲት ሴት።

"አባቱ የተቀበለውን አልቀበልም የሚል እሱ ማነው?"

"አስራ ሁለተኛን ጨርሶ ነዋ። ተምሮ ሞቷል።"

አባቴ መሬት መሬት ያያል። በዚያ ሰዓት አባቴን ጠልቼው ነበር ብል ውሸት አይሆንም።

ሽማግሌው ቀና ብለው አዩኝና በጋሞኛ "ልጄ፣ ከሰውየው ምን ትፈልጋለህ? አባትህ ይቅር ብሏል" አሉኝ።

"አባ፣ ያነበበውን ሰምተዋል?"

"ስለ ብር አይደለም?"

ያኔ ነው የገባኝ። የገበያ አማርኛ ያውቃሉ፤ የሪፖርት አማርኛ አያውቁም። ያዩት እጁን ጨብጦ ወደ ሰው የሚሄድ ወጣት ነው። ደም ሊፈስ ነው ብለው ነው የተንበረከኩት። በጋሞኛ ነገርኳቸው፣ አባቴና እናቴም እንዲሰሙ ጮክ ብዬ።

"ቤተሰቧ ስላልተከታተላት ትምህርቷን ትታ ቀረች ብሎ አነበበ። እህቴን።"

እናቴ ነጠላዋን አፏ ውስጥ ከተተች። አባቴ ከመሬት ቀና አለ። ሽማግሌው እጄን ይዘው ተነሱ፤ ክብደታቸውን ሁሉ በእኔ ላይ ጣሉ። ሳሩን አልጣሉም። ቀስ ብለው ዞሩ፣ ወደ ጠረጴዛው ሄዱና ሰብሳቢው ፊት ተንበረከኩ።

"አባ፣ ኧረ ይነሱ፣ ነውር ነው" አለ ሰብሳቢው። ከወንበሩ ተነስቶ ቆመ፤ ወዴት እንደሚሄድ ግን አላወቀም። እሳቸው አልተነሱም። ዙሪያውን አየ። ሁላችንም እናየዋለን። እስክሪብቶውን አነሳ።

"ምን ልበል?" አለኝ።

"ሞታለች ይበሉ።"

ሰረዘና ጻፈ። ሽማግሌው ወደ እኔ ዞረው "ጻፈ?" አሉ። ጽፏል አልኩ። ሳሩን ጠረጴዛው ላይ አስቀምጠው ተነሱ። ለእሳቸው ነገሩ አለቀ።

"ምክንያቱንም ይጻፉ" አልኩት ሰብሳቢውን።

የሽማግሌውን ጀርባ አየ፤ ወደ ቦታቸው እየተመለሱ ነበር። "የተጠየቅኩትን አድርጌያለሁ" አለና እስክሪብቶውን ኪሱ ከተተ። ሽማግሌውን ሁለተኛ እንዲንበረከኩ መጥራት አልቻልኩም። ማን ይችላል?

ከጥቂት ቀን በኋላ ቴሌግራሙ ላይ ማስተካከያ ወጣ። "ውድ ወላጆች፣ ያቋረጠች በሚል የተገለጸው በሞት የተለየች በሚል ይስተካከል።" ለአባቴ አነበብኩለት።

"በምን እንደሞተች ይላል?"

"አይልም።"

ከዚያ ዶማውን አነሳ። "ና" አለኝ። ማንንም ሳንጠይቅ ትምህርት ቤቱ ገብተን የእኛን ሁለት ግንዶች ከዳሱ ነቀልን። ሸራው በአንድ ጎኑ ወደቀ። ዘበኛው አየንና ጀርባውን ሰጠን። ቦዩ ጋ ስንደርስ ጎረቤቶች የእነሱን ተሸክመው ከኋላችን እየመጡ ነበር። መስከረም ሲጠባ ወንድሜ በዚህ በኩል ነው የሚሻገረው። የእነሱም ልጆች።

ዳርና ዳሩን እየቆፈርን ሁለተኛውን ግንድ ስናጋድም ሰብሳቢው በባጃጅ መጣ። ስለ ዳሱ ሊቆጣ ነው ብዬ ተዘጋጅቼ ነበር። አልተቆጣም። "በርቱ፣ በርቱ" አለ። ስልኩን አወጣ። ለቻናሉ ፎቶ ሊያነሳን ነው።

"ከፎቶው ስር ምን ሊጽፉ ነው?" አልኩት።

"የህብረተሰብ ተሳትፎ፣ ሌላ ምን አለ?"

"ለምን እንደተሰራ ይጻፋል?"

"ወንድሜ፣ ዛሬ እንኳን ተወኝ" አለና ስልኩን ወደ እኛ አዞረ። "እስቲ ሁላችሁም ቀና በሉ። አባባ፣ እርስዎም።"

አባቴ ላቡን ጠርጎ ቀና አለ። ጎረቤቶቹም ቀና አሉ። እኔ ጎንበስ እንዳልኩ መቆፈሬን ቀጠልኩ።