ከኋላህ ሰው አለ

በረኛ የሆንኩት በችሎታ አይደለም። መሮጥ የማይችለውን ሽማግሌ የት እናድርገው ተብሎ ሲመከር አንዱ፣ «ጋሼ ስንት ዓመት የፋብሪካ በር ሲጠብቁ ኖረው የለ? አሁንም በር ይጠብቁ» አለ። በዚያው ጸደቀ። ልዩነቱ፣ በፋብሪካው በር መታወቂያ ሳላይ ሰው አላሳልፍም ነበር፤ በዚህኛው ኳሱ ሰላም እንኳ ሳይለኝ ነው የሚያልፈው።

ቡድናችን ከውትድርና የተሰናበቱ ሰዎች ስብስብ ነው። እኔ የድሮው ጦር ሲበተን የተረፍኩ አሮጌ ነኝ፤ እነሱ በቅርቡ ከግንባር የተመለሱ። ቃሊቲ፣ ከመጋዘኖቹ ጀርባ ባለች አቧራማ ሜዳ ቅዳሜ ቅዳሜ እንጫወታለን። የሰበሰብኳቸው እኔ ነኝ። ያኔ ስመለስ ከሰው ጋር መቀመጥ አቅቶኝ ስንት ዓመት እንደባከነ ስለማውቅ፣ እነዚህ በሳምንት አንዴ እንኳ አብረው ይላቡ ብዬ ነው።

ከመካከላቸው አንዱ ፈጣን አጥቂ ነው። ኮዬ ፈጬ ከእህቱ ጋር ይኖራል፤ ከኳሱ በቀር ከቤት አይወጣም። እህቱ፣ «ጋሼ፣ በደንብ የሚበላው ከእናንተ ጋር የዋለ ዕለት ብቻ ነው» ብላኛለች።

አንድ ቅዳሜ ለሁለት ተከፍለን እርስ በርሳችን ስንጫወት፣ ኳስ ይዞ ሲገሰግስ ተከላካዩ ከኋላ ተጠጋው። ጓደኛው እንደ ወጉ፣ «ሰው! ከኋላህ ሰው አለ!» ብሎ ጮኸ። ኳስ ሜዳ ላይ ሊቀሙህ ነው ማለት ነው። እሱ ግን ዞረና ተከላካዩን በክርኑ አፍንጫው ላይ አለው። ደሙ ወረደ። አጥቂው የገዛ ክንዱን እንደ ሌላ ሰው ክንድ አየው፤ ጫማውን ሳይቀይር ሄደ።

«ይሄ ልጅ አንድ ቀን ነፍስ ያጠፋል፤ ይቅርብን» አሉ ሌሎቹ።

በሳምንቱ ሲቀር ኮዬ ፈጬ ሄድኩ። ቤቱ አራተኛ ፎቅ ነው። ሁለተኛው ላይ ስደርስ ጉልበቴ ስንብት ጠየቀኝ። እንደምንም ደርሼ አንኳኳሁ።

«ማነው?»

«እኔ ነኝ። ቶሎ ክፈት፤ እዚህ ከሞትኩ በደረጃ የምታወርደኝ አንተ ነህ።»

ከፈተ። አልሳቀም። «በር ሲንኳኳ እንኳ እጄ ለመምታት ይቀድመኛል፤ ድምፅዎን ስሰማ ነው የተውኩት» አለ።

ይህንን ይዤ ተመለስኩ። ከኋላው የሚመጣ ሁሉ «እኔ ነኝ» እንዲል ለቡድኑ ነገርኩ።

«ሊቀማ የሚመጣ ሰው ራሱን ያስተዋውቃል እንዴ ጋሼ?» አለኝ አንዱ።

«እኔ እላለሁ» አለ አፍንጫው ያበጠው ተከላካይ፤ «ሌላ አፍንጫ የለኝም።»

አጥቂውም ተመለሰ። ሜዳው «እኔ ነኝ፣ እኔ ነኝ» በሚሉ ጎልማሶች ተሞላ፤ መንገደኛው ቆሞ ያየናል።

ከዚያ የሳሪስ ወጣቶች ሊገጥሙን መጡ። እንንገራቸው ስንል እሱ እንቢ አለ። «ታክሲ ተራ ላይ ከኋላዬ ለሚሰለፈው ሁሉ ማን ሊነግርልኝ ነው?»

ጨዋታው ሲጋጋል አንዱ ወጣት ድምፁን ሳያሰማ ከኋላው ደረሰ። እኔ ከሩቅ፣ ከበሩ ላይ ሆኜ «እኔ ነኝ!» ብዬ ጮህኩ፤ ምን እንደሚረባ እንጃ። ዞረ። ክንዱ ተነሳ፣ አየር ላይ ቀረ። ወጣቱ ደርቆ ቆመ። ክንዱ ቀስ እያለ ወረደ። ከዚያ ኳሱን ትቶለት ከሜዳው ወጣ።

ሄደ ብዬ ነበር። ጨዋታው ወዲያኛው በር ላይ ሳለ ከኋላዬ ኮቴ ሰማሁ። በዚህ ዕድሜዬ እንደ ግንባር ጊዜ በደረቴ ልወድቅ ምንም አልቀረኝም።

«እኔ ነኝ ጋሼ» አለ።

«ቅዳሜ ትመጣለህ?»

«እንጃ።»

ግን አልሄደም። በራችን መረብ የለውም፤ የገባብኝ ኳስ እስከ መጋዘኑ አጥር ይንከባለላል። እሱ እየሮጠ ያመጣልኝ ጀመር። ያን ዕለት ብዙ አስሮጥኩት።