ለብቻ እና ለየብቻ

ደርግ ገና ጠንክሮ በነበረበት ጊዜ፣ በሰባዎቹ መጀመሪያ ላይ፣ ዙሪክ ከተማ ውስጥ የደረሰብኝ ነገር ነው። ብዙ ዘመን አልፎታል። ሆኖም የነቢያት ጾም በገባ ቁጥር ድስቶቼን ስለይ ትዝ ይለኛል። ያን ቀን ያለቀስኩትን ያህል ዛሬ ብቻዬን እስቅበታለሁ።

ከአዲስ አበባ ወጥቼ መጀመሪያ ያረፍኩት ጄኔቭ ነበር። ሊኞን በሚባለው ሰፈር እትዬ አስካለ ቤት ተጠግቼ እኖር ነበር። እትዬ አስካለ ከእኔ ቀድመው የተሰደዱ፣ ቀልድ የማያልቅባቸው ሴት ናቸው። በሳምንት ሁለት ቀን የአንድ አይሁድ ቤተሰብ ልብስ እተኩስ ነበር። ትልቋ ልጃቸው ሪቭካ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርቷን ጨርሳ ዙሪክ ልትሄድ ተዘጋጅታለች። የምትገባበት ቤት ከየአገሩ የመጡ ሃያ የሚሆኑ ልጃገረዶች አንድ ዓመት ሙሉ እያደሩ ሃይማኖታቸውን ብቻ የሚማሩበት ነው።

ያ ቤት የወጥ ቤት ሠራተኛ እንደሚፈልግ ተሰማ። የሪቭካ እናት «ጠንቃቃ ሴት ናት» ብላ መሰከረችልኝና ተቀጠርኩ። ፐርሚዬ፣ የመኖሪያ ፈቃዴ ማለት ነው፣ ሊያልቅ ሁለት ወር ቀርቶታል። የሥራ ውል ካላሳየሁ አይታደስም። ከዚያ ወዲያ የት እንደምገባ እግዜር ነው የሚያውቀው።

እትዬ አስካለ ባቡር ጣቢያ ሲሸኙኝ፣ «አንቺ ልጅ፣ እዚያ ሰዎች ቤት ገብተሽ ጾምሽን እንዳያስገድፉሽ!» አሉኝ። ማን የማንን ጾም እንደሚያስገድፍ ያን ጊዜ አላወቅንም።

ቤቱን ወደድኩት። ልጆቹ ከጠዋት እስከ ማታ መጽሐፍ ገልጠው ይከራከራሉ። አንዷ ታነባለች፣ ሌላዋ «አይደለም!» ብላ ጠረጴዛ ትመታለች፣ ደግሞ ተቃቅፈው ይስቃሉ። እኔ በልጅነቴ ዳዊት የደገምኩት አባቴ መሪጌታውን ለምኖልኝ ነው፤ ቅኔ ቤትማ የወንድ ነበር። ሴቶች ልጆች እንደዚህ በመጽሐፍ ሲሟገቱ ሳይ ሽንኩርቱን ትቼ በር ላይ ቆሜ አዳምጥ ነበር። ቋንቋውን አልሰማም። ዜማው ግን ደስ ይለኛል።

የወጥ ቤቱ ኃላፊ ፍራው ሊፕማን ይባላሉ፤ ፍራው በጀርመንኛ ወይዘሮ ማለት ነው። አጭር፣ ቁጡ፣ የቁልፍ ዘለላ ከወገባቸው የማይለይ ሴት ናቸው። እሳቸው የሚናገሩት ጀርመንኛ፣ እኔ ያለኝ ከጄኔቭ ያመጣሁት ስብርባሪ ፈረንሳይኛ ነው። ስለዚህ የሚያስፈልገኝን ዕቃ ሁሉ በገዛ እጃቸው አውጥተው ይሰጡኝና በገዛ እጃቸው ይመልሱት ነበር። ሁለት ሳምንት እንደዚህ ሠራን።

በሦስተኛው ሳምንት ፍራው ሊፕማን ጉንፋን ጣላቸውና ቤታቸው ተኙ። ቁልፉ ለእኔ ተሰጠ። ፈረንሳይኛ የምትችለው ሪቭካ መጽሐፏን በብብቷ ይዛ፣ ወደ ክፍል እየሮጠች፣ መመሪያውን ነገረችኝ።

«ማዳም ሲጌ» አለችኝ። ጽጌ ማለት ለማንኛቸውም አልሆነላቸውም። «ሰማያዊ ምልክት ያለው የወተት ዕቃ ነው። ቀዩ የሥጋ ነው። አረንጓዴው ሁለቱም የማይነካው ነው። ዋናው ነገር፣ ወተትና ሥጋ ለብቻ!»

ለብቻ! ይህማ እንዴት ይጠፋኛል? እናቴ ቤት ጾም ሲገባ የፍስክ ዕቃ በሙሉ ታጥቦ ቆጥ ላይ ይወጣ ነበር። የጾሙ ድስት ለብቻው ነው። ወተት በለው ሥጋ በለው፣ ለእኛ ያው ፍስክ ነው። ልቤ ሞላ። «ለካ እነዚህም እንደኛ ናቸው» አልኩ።

የዚያኑ ዕለት ወጥ ቤቱን አስተካከልኩ። ሰማያዊውንና ቀዩን በአንድ ቁም ሣጥን አስገባሁ። ማንኪያውን፣ ጭልፋውን፣ ሁሉንም በአንድ መሳቢያ ደባለቅሁ። ዕቃ ማጠቢያው ሁለት ነበር፤ አንዱን ለፍስክ፣ አንዱን ለጾም አደረግሁት። አረንጓዴዎቹን ድስቶች አንድ በአንድ ፈትጌ፣ በነጭ ጨርቅ ቋጥሬ፣ ራቅ ያለ መደርደሪያ ላይ ሰቀልኳቸው። እኔም የነቢያትን ጾም ስለያዝኩ የራሴን ምሳ የምሠራው ከእነሱ በአንዱ ነበር። ምድጃውን ተራ የደረሳት ልጅ ትለኩሳለች፤ ከእነሱ ወገን ያልሆነ እንዳይለኩስ ሕጋቸው ነው። ፈተና ስለነበረባቸው ግን ለኩሰው ይሮጣሉ እንጂ መሳቢያ የሚያይ አልነበረም።

ዓርብ ጠዋት ፍራው ሊፕማን አፍንጫቸውን በመሐረብ ይዘው መጡ። እኔ ለሰንበት እራት የዶሮውን ሾርባ እያማሰልኩ ነበር። ምስጋና እየጠበቅሁ መሳቢያውን ራሴ ከፈትኩላቸው።

መሳቢያውን አዩ። ሾርባውን የማማስልበትን ጭልፋ አዩ። እጀታው ላይ ሰማያዊ ምልክት አለ። መሐረቡ ከእጃቸው ወደቀ።

ከዚያ የጮኹትን ጩኸት እስከ ሦስተኛ ፎቅ የሰማ ሁሉ ተንጋጋ። ሪቭካ ከፊት ነበረች። ፍራው ሊፕማን በጀርመንኛ ሲናገሩ ፊቷ እየነጣ ሄደ።

«ማዳም ሲጌ፣ ምን አደረግሽ? ወተቱንና ሥጋውን ለምን ቀላቀልሽ?»

«አንቺ አይደለሽ ለብቻ ያልሽኝ?»

«ወተቱ ከሥጋው ለብቻ ነዋ!»

ለየብቻ ማለቷ ነበር፤ በሕጋቸው ወተት የነካው ዕቃ ሥጋ አይነካም። እኔ ግን ፈረንሳይኛዋን በልቤ ለብቻ ብዬ ተረጎምኩት። በአንዲት «የ» የሃያ ልጆች ወጥ ቤት ፈረሰ።

ሾርባው ከነዶሮው ተደፋ። ቀዩም ሰማያዊውም ዕቃ እንዳይነካ ተባለ። በክረምት ሰንበታቸው የሚገባው ዐሥር ሰዓት አካባቢ፣ ፀሐይ ስትጠልቅ ነው። ከዚያ በኋላ እሳት አይነካም። ልጆቹ ጾማቸውን ሊያድሩ ነው። ሥራዬ እንዳከተመለት አወቅሁ። ፐርሚዬም አብሮ ሄደ። ከሁሉ ይልቅ ግን የቆጠቆጠኝ ሌላ ነገር ነው። እኔ፣ ጾም አይገደፍብኝ ብዬ ከአገር አገር የምጠነቀቅ፣ የእነዚህን ልጆች ሥርዓት በእጄ አፈረስኩ። መሐል ወለል ላይ ቆሜ አለቀስኩ።

ፍራው ሊፕማን ወደ ነጩ ቋጠሮ እጃቸውን ዘርግተው አንድ ነገር ጠየቁ። በድንጋጤ ፈረንሳይኛው ሁሉ ከአፌ ጠፋ። የመጣልኝ አማርኛ ብቻ ነው።

«ኧረ እሱን እንኳ ፍስክ አላስነካሁትም! እሱ የጾም ነው! ጾም! ጾም!»

ልጆቹ ሁሉ ወደ እኔ ዞሩ።

«ጾም?» አለች ሪቭካ።

«ጾም?» አሉ ፍራው ሊፕማን።

ለካ በዕብራይስጡም ጾም ጾም ነው! ልጆቹ እርስ በርሳቸው ተያዩ። እኔም ዕንባዬን ጠራርጌ ደረቴን እየመታሁ «እኔ፣ ጾም፣ ዛሬ» አልኩ። ሪቭካ አብራርታ ጠየቀችኝና በፈረንሳይኛ ገለጥኩላት። ገና እስኪደርስ ሥጋም ወተትም አልቀምስም። ፍስክ የነካው ድስት ውስጥ የተሠራ አልበላም። እነዚህን ድስቶች የቋጠርኳቸው ለእነሱ ብዬ ብቻ ሳይሆን ለራሴ ነፍስ ብዬ ነው።

ለረቢያቸው፣ ለሃይማኖት መምህራቸው፣ ስልክ ተደወለ። እሳቸው በጀርመንኛ ይጠይቃሉ፣ ሪቭካ ለእኔ በፈረንሳይኛ፣ የእኔን መልስ ደግሞ መልሳ በጀርመንኛ። ልጆቹ መጽሐፍ አምጥተው በርጩማ ላይ፣ መስኮት ላይ ዘርግተው ይከራከራሉ። የእኔ ጥፋት የዕለቱ ትምህርት ሆኖ አረፈው። አንዷ ልትወቅሰኝ፣ ሁለቱ ሊያስጥሉኝ የሚሟገቱ ይመስሉ ነበር። ፍራው ሊፕማን ቋጠሮዎቹን አንድ በአንድ ፈትተው እያንዳንዱን ድስት ወደ መስኮቱ አንሥተው አዩ፣ አሸተቱ።

በመጨረሻ ሪቭካ ስልኩን ዘግታ ዘለለች።

«አረንጓዴዎቹ ንጹሕ ናቸው! ረቢው ምን አለ መሰላችሁ? "ይህች ሴት ለእኛ ብላ ብትጠብቃቸው ልትዘነጋ ትችል ነበር፤ ለራሷ ጾም ብላ የጠበቀችውን ግን እመኑት።" የሌላው ነገር እሑድ ይታያል።»

ከዚያ ወዲያ ያ ወጥ ቤት ሠርግ ቤት ሆነ። ፍራው ሊፕማን ምድጃውን ራሳቸው ለኮሱ። ልጆቹ ምስሩን ነጭ አንሶላ ላይ አፍስሰው ለቀሙ። አንዲት ትል እንዳታመልጥ እያንዳንዷን ፍሬ ሲያገላብጡ ሳይ እናቴን አስታወሱኝ። ከሻንጣዬ በርበሬ ላመጣ ብዬ ነበር። ፍራው ሊፕማን ክዳኑን ከፍተው አሸተቱና ሦስት ጊዜ አስነጥሰው «ናይን!» አሉ። ከውጭ የመጣ አይገባም። እሺ ብዬ በሽንኩርት፣ በነጭ ሽንኩርትና በእነሱ ጣፋጭ በርበሬ ቀይ አስመሰልኩት። ጥቅል ጎመን በድንችና በካሮት ሠራሁ፣ ቀይ ሥር ቀቀልኩ። ሳህኑ የወረቀት ሆነ።

ፀሐይዋ ልትጠልቅ ስትል መብራታቸውን አበሩ። እኔም ጥግ ላይ ቆሜ «እንኳን ለሰንበት አደረሳችሁ» አልኩ። «ሰንበት» ስል ደግሞ ሌላ ጩኸት፣ ሌላ ሳቅ። ያችንም ቃል ከእነሱ ጋር የምንካፈላት ኖሯል። በጠረጴዛው ዙሪያ እየዘመሩ ያን ሁሉ ምስር ጠረጉት። ፍራው ሊፕማን ሦስት ጊዜ ጨመሩ። ሦስተኛውን ሲጨምሩ ቀና ብለው ሳያዩኝ «ጉት» አሉ። ጥሩ ነው ማለታቸው ነው። ከእሳቸው አፍ የወጣች የመጀመሪያ ምስጋና ናት።

ሰኞ ዕለት የሥራ ውሌን ፈርመው ሰጡኝ። ፐርሚዬም ታደሰ። ከዚያም በአረንጓዴው መደርደሪያ ላይ በትልልቅ የዕብራይስጥ ፊደል የተጻፈ ወረቀት ለጠፉ። ሪቭካ አነበበችልኝ፤ «ጾም» ይላል።

የዚያ ዓመት ልጆች ተምረው ወደየአገራቸው ተበተኑ። እኔም ጥቂት ዓመት ሠርቼ ኦፕፊኮን፣ አውሮፕላን ማረፊያው አጠገብ፣ ሆቴል ገባሁ። ደርግ ሊወድቅ ሲቃረብ ነው፣ አንድ ቀን በረራ የተላለፈባቸው ረጃጅም ቀሚስ የለበሱ ልጃገረዶች መጡብን። በዚያው ትምህርት ቤት ዓመታቸውን ጨርሰው ወደ ቤታቸው የሚመለሱ ናቸው። አንዳቸውንም አላውቅም። ከቦርሳቸው ምግብ እያወጡ ሲካፈሉ አንዷ ኬኩን ተቀበለችና ጓደኛዋን፣ «ጾም ነው?» ብላ ጠየቀቻት።

የያዝኩትን ትሪ ጠረጴዛቸው ላይ አሳርፌ ተጠጋሁ።

ያን ጊዜ ጀርመንኛ ለምጃለሁ። «ምን ማለትሽ ነው?» አልኳት።

«ወተትም ሥጋም የለበትም ወይ ማለቴ ነው» አለች። «እኛ ትምህርት ቤት እንደዚህ ነው የሚባለው።»

«ማን አወጣው?»

ትከሻዋን ነቀነቀች። «እንጃ። ከጥንት ጀምሮ ነው። ከሊቃውንቱ የመጣ ይሆናል።»

እኔ ነኝ ልል አፌ ላይ ደርሶ ነበር። ትዕቢት እንዳይሆንብኝ ፈርቼ ተውኩት። ማታ ጄኔቭ ደውዬ ለእትዬ አስካለ ብነግራቸው፣ «እሰይ! ወንዶቹ ቅኔ ቤት ሲደክሙ ሊቋ ከወጥ ቤት ወጣች በይኛ!» ብለው እስኪያስላቸው ሳቁ።

እኔም እስከ ዛሬ እስቃለሁ። ያች ልጅ እውነቱን ባታውቅ ቅር አይለኝም። ቃሏን ከእናቴ ቤት ይዣት ብመጣም ቀድሞውንም የእነሱም ነበረች። የእኔ ድርሻ መሳሳቴ ብቻ ነው።